ማይኩ የማይደርስበት አግዳሚ

አማቴ የወደቁት ከቤተ ክርስቲያናቸው ደረጃ ላይ ነው ብዬ ብጽፍ ታሪኩ ያምርልኝ ነበር። የወደቁት ግን ዶሮ ሲያባርሩ ነው። ዶሮዋ የጎረቤት ናት፤ እኛ ግቢ ጭራ ትበላለች እንጂ አንድ እንቁላል ጥላልን አታውቅም። ሰማንያን የተሻገሩት አማቴ በክረምት ጭቃ ዱላ ይዘው ተከተሏት። ዶሮዋ አመለጠች፣ የእርሳቸው ዳሌ ተሰበረ። ሐኪሞቹ የሚችሉትን አደረጉ። ከዚያ በኋላ የአማቴ ዓለም ነቀምቴ፣ እኛ ቤት፣ በመስኮት ሥር የተዘረጋ አንድ አልጋ ሆነ።

በዚያ መስኮት የቤተ ክርስቲያናቸው የቆርቆሮ ጣሪያ ይታያል። ከቤታችን አራት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው፤ ግን ዳገት ነው። እሑድ እሑድ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ድምፅ ይመጣል፤ የሚመጣው ግን ባዶ በርሜል ውስጥ ድንች ሲንከባለል እንደሚሰማው ያለ ነው። መዝሙር መሆኑ ይታወቃል፣ የትኛው መዝሙር እንደሆነ አይታወቅም። “ይኼ ጨርሶ ካለመስማት ይብሳል” ይሉ ነበር አማቴ በኦሮምኛ፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ እንዳዞሩ።

እኔ ለእንዲህ ዓይነት ችግር የሚጠራ ሰው አልነበርኩም። አባቴ ከጎጃም በቡሬና በኡኬ አድርጎ የመጣ ጸሐፊ ነበር፤ ለሁለት ዓመት ብሎ መጥቶ ነቀምቴ ተቀበረ። ጥምቀቴ ኦርቶዶክስ ነው፣ ጋብቻዬ ከፕሮቴስታንት ቤት፣ እሑዴ ደግሞ ከመጽሐፍ ጋር። ሥራዬ ሰው ሁሉ የተስማማበትን ነገር በጋዜጣና በመጽሔት መቃወም ነው። ሥራ ፈትቼ አላውቅም፤ ሰው ሁልጊዜ በአንድ ነገር እንደተስማማ ነው።

አማቴ “ሶዳ” ይሉኛል፤ በኦሮምኛ አማች እንደማለት ነው። ሲሰድቡኝም “እርስዎ” እያሉ ነው። እኔም አንቱ እላቸዋለሁ። በዚህ አገር ወግ አማች የአማቱን ስም በአፉ አያነሳም። በትዳር በኖርኩባቸው ሃያ ሦስት ዓመታት ስማቸውን አንድ ቀን ጠርቼ አላውቅም፤ እዚህም አልጠራም። ይህን ማንሳቴ ያለ ነገር አይደለም። ነገሩ ሁሉ የዞረው በዚያ ስም ነው።

በእርሳቸው ጉባኤ ከስብከቱ በኋላ የሕመምተኞች ጸሎት አለ። ሰባኪው “ሕመምተኞቻችሁን ጥሩ” ይላል፤ ሰውም ከተቀመጠበት ሆኖ በሰፈሩ የታመመውን ሰው ስም ጮክ ብሎ ይጠራል። ከዚያ ሁሉም በየአፉ ይጸልያል። አንድ ያልተጻፈ ሕግ አላቸው፦ የራስህን በሽተኛ አንተ አትጠራም። እናትህ ብትታመም ስሟን የሚጠራው ጎረቤትህ ነው። ሕጉን ማን እንዳወጣው የሚያውቅ የለም፤ ያወጣው ሰው ግን የሰውን ልጅ ጠንቅቆ የሚያውቅ ነበር። በዚያ ሕግ የተጠራ ሰው መታሰቡን ያውቃል፤ ግዴታ ያለባቸው ዝም ብለው፣ ግዴታ የሌለበት ሰው ነው አፉን የከፈተለት።

አማቴ ማወቅ የፈለጉት ይህንኑ ነበር፦ ይጠሩኛል ወይስ ረስተውኛል? ሊጠይቋቸው የሚመጡትን ሴቶች መጠየቅ ይችሉ ነበር፤ አልጠየቁም። ባለቤቴ “ሀርሜ” (እማዬ ማለቷ ነው) “እኔ ሄጄ ልስማልሽ” ስትላቸው ተቆጡ።

“አንቺን ካዩ እኮ ይጠሩኛል! ጠይቆ መጠራት ለምኖ መወደድ ነው።”

“በስልክ አታሰሟቸውም?” የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ሞክረናል። አንዲት ዘማሪ ስልኳን ከፍታ ቦርሳዋ ውስጥ አስቀመጠችልን። አሥር ደቂቃ ሙሉ የቤቷ ቁልፍ ሲንኮሻኮሽ ሰማን፤ ከዚያ ኔትወርኩ ሄደ።

በኋላ መላ የሆነን የሬዲዮው ነገር የጀመረው ከዶሮዋ በፊት ነው። መናኸሪያው አጠገብ ሬዲዮና አምፕሊፋየር የሚጠግን ወዳጅ አለኝ፤ ለሠርግና ለጉባኤም ድምፅ ማጉያ ያከራያል። አንድ ቀን የአውራ ጣት የምታህል ዕቃ ሰጠኝ። በኮምፒውተር ቴሌቪዥን ለማየት ተብላ የተሠራች ናት፤ ለዚያ አልበጀችም።

“ይቺን ላፕቶፕህ ላይ ሰካት፣ ፕሮግራሙን ከኢንተርኔት አውርድ፤ አየር ላይ ያለውን ሁሉ ትሰማለህ” አለኝ።

“አየር ላይ ያለውን ሁሉ ለመስማት ምን ቆርጦኝ?”

“ጸሐፊ አይደለህ እንዴ? በመስኮት ከምታጮልቅ በዚህ ስማ።”

ስካነር የሚባል ሬዲዮ ድሮም ነበረ፤ ሞገዶቹን አንድ በአንድ እየዳሰሰ ድምፅ ያለበት ላይ ይቆማል። ተሠርቶ የሚሸጠው ስካነር ግን የሚሠራው ሠሪው ያሰበልህን ብቻ ነው። የማታውቀው ሰው ሩቅ ከተማ ተቀምጦ “ለዚህ ሰውዬ ይኼ ይበቃዋል” ብሎ ወስኖልሃል። የወዳጄ ፕሮግራም ሌላ ነው። ክፍት ነው፤ የፈለገ ውስጡን ያነባል፣ ያልተስማማው ይለውጠዋል፣ ተጠቃሚው ራሱ ትእዛዝ ይጽፍለታል፦ ከዚህ ቁጥር እስከዚህ ቁጥር ሂድ፣ ድምፅ ስታገኝ ቁም፣ አምስት ሰከንድ ዝም ካለ ቀጥል። የጻፉት ሰዎች በየአገሩ የተበተኑ፣ አብዛኞቹ ተያይተው የማያውቁ ናቸው። ደቦ ነው ማለት ነው፤ ደቦ ላይ እንኳ ቢያንስ ጠላ አለ። እኔ “በነፃ” የሚል ቃል ስሰማ ኪሴን የምዳብስ ሰው ነኝ። ከዚህ ነገር ጀርባ ያለውን ተንኮል ለወራት ስፈልግ ቆየሁና አጣሁት። በዕድሜዬ ፈልጌ ያጣሁት ተንኮል ይኼ ብቻ ነው።

በአርባ ሰባት ዓመቴ ፕሮግራም መጻፍ ጀመርኩ። የመጀመሪያው መስመሬ፣ ጠመንጃ የያዙ ሰዎች የሚነጋገሩበትን የሞገድ ክፍል ሳይነካ እንዲዘል የሚያዝ ነበር። እስከ ዛሬ ከጻፍኩት ሁሉ ብልሁ መስመር እሱ ነው። የቀረው ጨዋታ ነው። በላያችን የሚያልፉ አብራሪዎች ቁጥር ሲቀባበሉ ሰማሁ። አማቴ በወደቁ በሁለተኛው ወር ደግሞ ከአዲስ አበባ ስመለስ፣ አውቶቡስ ውስጥ ላፕቶፑን ጭኔ ላይ ከፍቼ ነበር። አኖ ከተማ ላይ ምንም የለም። ሲሬ ላይ ስንቆም አንድ የሠርግ ማይክ ያዝኩ። ሚዜው ማይኩ መከፈቱን ረስቶ በሹክሹክታ “ሥጋው አልቋል እንዴ?” ይላል። ሠርጉ የማን እንደሆነ አላውቅም፤ ሥጋው ማለቁን ግን ከሙሽራው በፊት አወቅሁ።

ከሲሬ ነቀምቴ እስክገባ ያሰብኩት ስለ ሥጋው አልነበረም። ገመድ አልባ ማይክ ትንሽ ሬዲዮ ጣቢያ ነው። የአማቴም ሰባኪ እሑድ እሑድ ደረቱ ላይ አንድ ሬዲዮ ጣቢያ ሰክቶ ይቆማል፤ ያውም ከአልጋቸው አራት መቶ እርምጃ ላይ።

ወዳጄ ከመዳብ ሽቦ አንቴና ሠራልኝ፤ በባሕር ዛፍ እንጨት ላይ አስረን ከጣሪያው በላይ አቆምነው። የቤተ ክርስቲያኑን ማይኮች የሚጠግነው እሱ ነው። ማይኮቹ ለለቅሶም ለሠርግም እየወጡ ስለሚመለሱ ዛሬ በዚህ ሞገድ፣ በሚቀጥለው እሑድ በሌላ ነው የሚገኙት። ስለዚህ ፕሮግራሙ ራሱ ፈልጎ እንዲያገኛቸው ጻፍኩለት፦ ካሉት ድምፆች አጥርቶ የሚሰማውን ያዝ፣ ከያዝክ አትልቀቅ። በራሴ ኮራሁ። እሑድ ሦስት ሰዓት ላይ ስፒከሩን ከአማቴ ትራስ አጠገብ አስቀመጥኩና እንደ ሚኒስትር ቁልፉን ተጫንኩ።

ስብከቱ ጥርት ብሎ መጣ። ተደገፍኩና አዳመጥኩ። ሩብ ሰዓት እንዳለፈ አማቴ ወደ እኔ ዞሩ።

“ሶዳ፣ ሰባኪው ታሟል?”

“ኧረ አልታመመም። ምነው?”

“አስተርጓሚው ብቻውን ይሰብካላ!”

እዚያ ቤተ ክርስቲያን ሰባኪው አንድ ዓረፍተ ነገር በኦሮምኛ ይላል፤ አስተርጓሚው አጠገቡ ቆሞ በአማርኛ ይደግመዋል። ሁለት ሰው፣ ሁለት ማይክ፣ ሁለት ሞገድ። የእኔ ፕሮግራም አጥርቶ የሚሰማውን ሲፈልግ አስተርጓሚውን አግኝቶ፣ እንደታዘዘው፣ አልለቅ ብሏል። አማቴ አማርኛቸው የገበያ ነው፤ ሽንኩርት ያስገዛል፣ መንግሥተ ሰማያት አያስገባም። አንድ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ፣ ከዚያ ዝምታ፣ ደግሞ አንድ በአማርኛ። ኦሮምኛው ጠፍቷል። እኔ ነቀምቴ ተወልጄ ያደግሁት፣ ሁለቱንም ቋንቋ የምናገረው ሰው፣ ሩብ ሰዓት ሙሉ አንድ ነገር እንደጎደለ አልታወቀኝም። ግማሹን እየሰማሁ ሙሉ መስሎኝ ነበር። በዚህ ላይ አንድ ረጅም ጽሑፍ መጻፍ ይቻላል፤ ብጽፈው እኔን የሚቃወም ጽሑፍ ስለሚሆን ትቼዋለሁ።

ወዳጄ ሳቀብኝ። “የአስተርጓሚው ባትሪ ሁልጊዜ አዲስ ነው፤ የሒሳብ መምህር ነዋ። ሰባኪው ባትሪ የሚቀይረው ሲሞትበት ነው።”

የተገዛ ስካነር ቢሆን ኖሮ ታሪኩ እዚህ ያበቃ ነበር። እኔ ግን መስመሮቼን ከፍቼ አዲስ ትእዛዝ ጻፍኩ፦ አንዱን ብቻ አትያዝ፣ ሁለቱን ፈልግ፣ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ አሰማ። አንድ ቦታ ሲያቅተኝ በፕሮግራሙ ተጠቃሚዎች መወያያ ላይ ጠየቅሁ። በስሙም በአገሩም የማላውቀው ሰው መልሱን ከነማብራሪያው ጻፈልኝ፤ መጨረሻ ላይ “እናትህ ይማሩልህ” የሚል አሳብ ያለው ቃል ጨምሯል። አማቴ መሆናቸውን አላረምኩትም።

በሁለተኛው እሑድ አማቴ አስተርጓሚውን እንዳጠፋላቸው አዘዙኝ። አጠፋሁት። አምስት ደቂቃ አልቆየም።

“ይመልሱት” አሉኝ። “ሰውየው በየዓረፍተ ነገሩ ትንፋሽ ያጠረው ይመስላል። ያም ይለፍልፍ፤ እኔ በእሱ መሀል ነው የማስበው።”

እንዲህ ሆኖ ደስታ ገባ። አማቴ ከመዝሙሩ ጋር ይዘምራሉ፣ ከማስታወቂያው ጋር ይከራከራሉ። ባለቤቴ ሃያ ሦስት ዓመት ባልሰማሁት ለስላሳ ድምፅ አመሰገነችኝ። እኔም ቴክኖሎጂን ስወቅስ ስለኖርኩባቸው ጽሑፎች በልቤ አንድ በአንድ ይቅርታ ጠየቅሁ።

ያላሰብኩት የሕመምተኞቹን ጸሎት ነው።

በዚያው በሁለተኛው እሑድ ሰባኪው “ሕመምተኞቻችሁን ጥሩ” አለ። አማቴ የመዝሙር መጽሐፋቸውን ዘጉ። ስሞች መጡ፦ ሪህ ያለበት ነጋዴ፣ ደም ግፊት ያለበት ሹም፣ ጥርሷን ያስነቀለች የሹም ሚስት። አምስት ስድስት ስም። ከዚያ የሁሉም ጸሎት እንደ ጎርፍ መጣና ሸፈነው። የአማቴ ስም አልነበረም። በሦስተኛውም እሑድ አልነበረም። በአራተኛው ሪሁ፣ ደም ግፊቱ፣ አዲስ የገባ ጉንፋን ሳይቀር ተጠሩ። አማቴ እጃቸውን ወደ ስፒከሩ ዘረጉ።

“ያጥፉት፣ ሶዳ።”

“ገና መዝሙር ይቀራል እኮ።”

“ሰምቻለሁ። ያጥፉት። ገለቶማ፣ ደክመውልኛል።”

ያ ምስጋና እንደ ጥፊ ነበር። ፊታቸውን ከመስኮቱ ወደ ግድግዳው አዞሩ። በዚያ ሳምንት ምግብ ይቀርብላቸዋል፣ ሁለት ጊዜ ጎርሰው ይመልሳሉ። ሐኪሙ “ሰውነታቸው ተስፋ ካልያዘ አጥንቱ ብቻውን ምን ያደርጋል?” አለን። ባለቤቴ ማድ ቤት ውስጥ ያዘችኝ።

“ሳትሰማ እኮ ትጠራጠር ነበር፤ ጥርጣሬ ይሻል ነበር” አለችኝ። “ጆሮ ሰጠኋት ብለህ ልቧን ሰበርከው።”

እውነቷን ነበር። ሴትዮዋ መረሳታቸውን በራሳቸው ጆሮ እንዲሰሙ ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ያውም በሁለት ቋንቋ።

ጥፋቱ የፕሮግራሙ መስሎኝ መስመሮቼን ደጋግሜ አነበብኩ። እሑዶቹን ሁሉ ቀድቼ አስቀምጬ ስለነበር በጆሮ ማዳመጫ ሰማኋቸው። ከነጋዴውና ከሹሙ ስም ኋላ እንደ ንብ ቀፎ ያለ ጉምጉምታ አለ፤ ምንም አይለይም። ቅጂውን ይዤ ወደ ወዳጄ ሄድኩ። ጥቂት ሰማና ማዳመጫውን አወለቀ።

“አማትህ የት ነበር የሚቀመጡት?”

“ከኋላ፣ በግራ፣ ከሴቶቹ ጋር።”

“በቃ። የሰባኪው ማይክ ከደረቱ ላይ ነው፤ የፊተኛው አግዳሚ ቢጮህ ይሰማዋል። ከዚያ ወዲያ ያለው ለእሱ ሌላ አገር ነው። ፊት የሚቀመጠው ደግሞ ማን እንደሆነ ታውቃለህ።”

አውቃለሁ። ሪህና ደም ግፊት ናቸው። የኋላው አግዳሚ በሽታ ወባና ወገብ ነው፤ እሱ አየር ላይ አይወጣም። ፕሮግራሙን እንዳሻኝ መለወጥ እችላለሁ፤ ማይኩ ያልሰማውን ድምፅ ግን ከየት አመጣለሁ?

በሚቀጥለው እሑድ ማንም ሳያየኝ ለመስማት ወጣሁ። ዝናብ ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ ኋላ፣ በግራ በኩል፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ቆሜ ጆሮዬን ወደ መስኮቱ አስጠጋሁ። ወዳጄ እንዳለው፣ በመስኮት ማጮለቅ። “ሕመምተኞቻችሁን ጥሩ” ሲል ከአፍንጫዬ ሥር ካለው አግዳሚ ስሞች ፈሰሱ፤ ከመካከላቸውም የአማቴ ስም፣ አንዲት ሴት በቀጭን ድምፅ ስትጠራው። በጭቃው ዳገቱን ወደ ታች እየሮጥኩ ደረስኩ።

“ጠርተውዎታል! በጆሮዬ ሰማሁ።”

አማቴ ከግድግዳው ሳይዞሩ ጠየቁ።

“የት ሆነው ሰሙ?”

“በመስኮት፣ ከውጭ። ማንም አላየኝም።”

“ዝናብ አልነበረም?”

“ጃንጥላ ይዣለሁ።”

“የቱን ጃንጥላ?”

መልሱን ከመናገሬ በፊት ገባኝ። የባለቤቴን ነው። በነቀምቴ እንደሱ ያለ ቀይ ጃንጥላ አንድ ብቻ ነው፤ ከመናኸሪያ እስከ ሆስፒታል የማያውቀው የለም።

“ቀዩን” አልኩ።

“እንግዲያው አይተውዎታል” አሉና ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳቡ።

ስለዚህ ምስክር አያስፈልግም ነበር። የሚያስፈልገው፣ ማንም ሳይጠየቅ፣ ማንም ሳይታይ፣ አማቴ ራሳቸው እንዲሰሙ ነው። ጥሩልኝ ማለት አልችልም። ማይኩን ማንቀሳቀስ ግን ይቻላል። በጸሎቱ ሰዓት ሁሉም በየቋንቋው ስለሚጸልይ አስተርጓሚው ሥራ የለውም። የሒሳብ መምህሩን ከትምህርት ቤት በር ላይ ጠብቄ በኦሮምኛ ሰላም አልኩት።

“አካም ቡልተን፣ መምህር። ለመሆኑ ማይክዎ ሲጠፋ በደንብ ይጠፋል?”

“እንዴት?”

“ባለፈው ሳምንት በመዝሙሩ መሀል ‘ይኼ ሰውዬ ዛሬም ምሳ ሊያስረፍደን ነው’ ያለው ሰው ድምፁ የእርስዎን ይመስላል።”

መምህሩ ቦርሳውን ከአንድ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ። “እሱን… እሱን እኮ አልተረጎምኩትም” አለ።

ማስፈራራቴ አልነበረም፤ መግቢያ ፈልጌ ነው። ከዚያ ስለ ፕሮግራሙ፣ ስለ አልጋው፣ ስለ አራቱ እሑዶች ሁሉንም ነገርኩት።

“እና ስማቸውን ልጥራ?”

“የለም! እርስዎም አይጠሩ፣ ለማንም አይንገሩ። በጸሎቱ ጊዜ ማይኩን ሳያጠፉ ሄደው ከኋላ በግራ ይቀመጡ። ይኼው ነው።”

“ለምን መጣህ ካሉኝስ?”

“ወገቤን አሞኝ ነው ይበሉ።”

“ውሸት ነው እኮ፣ ጋሼ።”

“እዚያ ሰባኪ አጠገብ በየእሑዱ ሁለት ሰዓት የሚቆም ሰው ወገብ? ውሸት አይደለም።”

ወገቡን በእጁ ዳሰሰና “አይደለም” አለ።

እሑድ መጣ። አማቴን “መዝሙሩን ብቻ” ብለን አባብለን ስፒከሩን ከፈትን። ስብከቱ አለቀ። ሰባኪው “ጥሩ” አለ፤ ሪሁ ተጠራ፣ ደም ግፊቱ ተጠራ። አማቴ ዓይናቸውን ጨፈኑ። በሁለተኛው ድምፅ በኩል ግን የእግር ኮቴ ይሰማ ጀመር። የመምህሩ ትንፋሽ፣ የአግዳሚ ሲጥታ፣ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ።

“መምህር፣ ምነው? አሞት ነው?” አለች አንዲት ሴት በሹክሹክታ።

“ወገቤን።”

“እኛን ተቀምጠንም ያመናል።”

ከዚያ ስሞቹ መጡ። ከግራም ከቀኝም፣ አንዱ አንዱን ሳይጠብቅ፦ የወፍጮ ቤቱ ዘበኛ፣ ልጅ የወለደችና ያልተነሳች ሴት፣ ኡኬ ሄዶ የታመመ የአንዷ ጎረቤት፣ ወባ፣ ወባ፣ ወገብ። አማቴ ዓይናቸውን ከፈቱ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ያ ቀጭን ድምፅ፣ የአማቴን ስም ከነአባታቸው ጠራው።

አማቴ በክርናቸው ተደግፈው ከትራሱ ተነሱ። ከወደቁ ጀምሮ ማንም ሳይደግፋቸው ሲነሱ ያየሁት ያኔ ነው።

“እሷ ናት?” አሉ።

“ማን?” አለች ባለቤቴ።

“እሷ ናት! አሁንም ከፍ አድርጋ ነው የምትጀምረው!”

ታሪኩን የሰማሁት ያኔ ነው። ሁለቱ ሴቶች በአንድ የሴቶች መዘምራን ውስጥ ነበሩ። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት አማቴ በጉባኤው ፊት “መዝሙር ስታነሺ ሰማይ ታደርሺዋለሽ፤ ማን ይከተልሽ?” ብለዋታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተነጋገሩም። አግዳሚ አልቀየሩም፤ መሀላቸው ሁለት ሰው እያስቀመጡ አሥራ አንድ ዓመት በአንድ አግዳሚ ተቀመጡ።

“ዛሬ ብቻ ይሆናል” አሉ አማቴ፣ ግን ለመተኛት አልተመለሱም። “መምህሩ ስለመጣ ይሆናል።”

ያኔ ቅጂዎቹ ትዝ አሉኝ። ማይኩ ያልሰማው ድምፅ ከየት ይመጣል ብዬ ነበር። ድምፁ ግን እዚያው ነበረ፤ ምን እንደምፈልግ ያላወቅሁት እኔ ነኝ። አሁን የምፈልገው ከሁሉ የቀጠነውን ድምፅ ነው። ፕሮግራሙ ወፍራሙን ሁሉ እንዲቆርጥና ቀጭኑን ብቻ እንዲያጎላ ሦስት መስመር ጻፍኩ። እንዲህ ያለውን ትእዛዝ አስቀድሞ ሠርቶ ለማንም የተወው ሰው፣ ወለጋ ውስጥ ያለች አንዲት ሴት መዝሙር ከፍ አድርጋ እንደምታነሳ በምን ያውቃል? ግን በሩን ክፍት ትቶት ነበር። የመጀመሪያው እሑድ የአስተርጓሚው ብቻ ስለነበር ሁለተኛውን ከፈትኩ፤ ጉምጉምታው ሳሳ፣ እንደ ክር የቀጠነ ድምፅ ወጣ፣ ክሩ ላይ የአማቴ ስም አለ። ሦስተኛው አለ። አራተኛው፣ “ያጥፉት” ባሉበት ቀን፣ ሁለት ጊዜ ጠርታቸዋለች።

አማቴ ሦስቱንም ሰሙ። ደግመው ሰሙ። ከዚያ ለባለቤቴ “ገንፎ ሥሪልኝ” አሏት፤ ለእኔ ደግሞ፣ “ሶዳ፣ ሂደው ያችን ሴትዮ ይጥሩልኝ። ጃንጥላዋን ይያዙ፤ አሁን ቢያዩዎት ግድ የለኝም።”

ሴትዮዋ በማግስቱ መጣች። ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ ባለቤቴ በሩን ዘጋችብኝ። ለአንድ ጊዜ እንኳ ለመስማት አልሞከርኩም።

ወሬው በሳምንቱ ከተማውን አዳረሰ። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ሊጠይቁን መጡና አንደኛው ሲወጡ በጆሮዬ “ከእኛ ስብሰባስ ስንቱን ሰምተሃል?” አለኝ። ፕሮግራሙ ከእሑድ ሦስት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ብቻ እንዲከፈት አዲስ መስመር እንደጻፍኩ ነገርኩት። እውነት ነው፤ የጻፍኩት እሱ ከጠየቀኝ በኋላ ቢሆንም። ሁለቱን ድምፅ በአንድነት የሚያሰማውን ትእዛዝ ደግሞ ለፕሮግራሙ ባለቤቶች፣ ማለትም ለማንም፣ መልሼ ሰጠሁ። እነሆ እኔም በደቦው ላይ አንድ ዶማ አንስቻለሁ። የዓለምን ክፋት ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ስማቸውን ለማላውቃቸው፣ ስሜን ለማያውቁት ለእነዚያ ሰዎች ግን የምለው ክፉ ቃል የለኝም። ምስጋና ለእኔ አዲስ ቋንቋ ነው፤ ገና የገበያውን ያህል ነው የማውቀው።

በሚቀጥለው እሑድ፣ ገና ሦስት ሰዓት ሳይሆን፣ ሴትዮዋ ነጠላዋን አጣፍታ መጣችና በአማቴ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። “ዛሬ ከአንቺ ጋር በዚህች ሳጥን ነው የምሰማው” አለች።

አማቴ ቀና አሉ።

“ምን አልሽ?”

“እዚሁ አብሬሽ ልዋል።”

“ተነሺ!” አሉ አማቴ። “ተነሺና ሂጂ! አንቺ እዚህ ከተጎለትሽ እኔን ማን ይጠራኛል?”

“ሌሎቹ አሉ አይደል?”

“የሌሎቹ ድምፅ እዚህ አይደርስም። ሂጂ፣ እየረፈደ ነው!”

ሴትዮዋ እየሳቀች ተነሳች። ዝናቡ ጀምሮ ስለነበር ቀዩን ጃንጥላ ሰጠኋት፤ ዳገቱን ስትወጣ በመስኮቱ አየናት። መዝሙሩ አለፈ፣ ስብከቱ በሁለት ቋንቋ አለፈ። መምህሩ አሁን ማንም ሳያዝዘው ነው ወደ ኋላ የሚሄደው፤ ወገቡን ያመዋል። ስሞቹ ጀመሩ። ከመሀላቸው ያ ድምፅ፣ ማንም ሊከተለው በማይችል ከፍታ፣ የአማቴን ስም አነሳ።

“አለሁ” አሉ አማቴ ወደ ስፒከሩ።